ለቅሶም፣ ንግሥም፣ ክላስም፦ ስለ አቴንዳንስ ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ አቴንዳንስ። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ የመጡት ከወሎ ነው፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ። ጸሐፊዎቹ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድራቸው ኮሌጆች የሚማሩ ልጆች፣ አንድ አባትና አንድ መምህር ናቸው። ምነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ ብዬ ሳስብ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) መድረሱ ትዝ አለኝ። መምህሩ የስም ዝርዝሩን አውጥቶ ቀሪውን መደመር የሚጀምረው ያኔ ነው። የማንንም ስም አልጽፍም፣ የኮሌጆቹንም እንዲሁ። እኔ ለዓመታት ሬጅስትራር ቢሮ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ ያየሁትንም ጨምሬ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ውስጥ ባለ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ክላስ 2 ሰዓት ይጀምራል። ከቤት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼም አንዳንዴ አረፍዳለሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ አለቀ። «ሦስት ማርፈድ አንድ ቀሪ ነው» ተባልኩና ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የመንገዱ ጥፋት በእኔ ላይ ይቆጠራል እንዴ? ክርስቲያን ኮሌጅ ሆኖ ትንሽ ርኅራኄ የለውም?

መልስ፦ እህቴ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጫለሽ ማለት ነው። ጭጋግ አለ፣ ጠመዝማዛ አለ፣ ጭነት ያበዛ መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ ከኋላው ተሰልፎ መንፏቀቅ ነው። ቅሬታሽ ገብቶኛል። ግን ወደ ርኅራኄው ከመሄዳችን በፊት ሒሳቡን እንሥራው፤ ብዙ ተማሪ የሚጎዳው ሒሳቡን ሳይሠራ ሚድ ላይ ስለሚደርስ ነው።

ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ኮሌጅሽ 85 በመቶ መገኘት የሚጠይቅ ከሆነ መቅረት የምትችዪው 7 ሰዓት ብቻ ነው። 80 በመቶ ከሆነ 9 ሰዓት። ከዚያ ካለፈ ፋይናል አትቀመጪም፤ እንደየኮሌጁ ደንብ ወይ ኤንጂ (ውጤት አልተሰጠም ማለት ነው) ወይ ኤፍ ይመጣል። አሁን በዚህ ኮርስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አረፈድሽ እንበል። በሴሚስተሩ 16 ማርፈድ ይሆናል፣ ለሦስት ሲካፈል 5 ቀሪ። ሁለት ቀን ካረፈድሽ 32፣ ማለትም 10 ቀሪ። አንድም ቀን ሳትታመሚ፣ አንድም ቀን ሳትፎርፊ፣ ሁሌም ክላስ እየገባሽ ኮርሱ አመለጠሽ ማለት ነው። ይኼ ብዙ ሰው የማይታየው ነገር ነው።

በሳምንት አንዴ፣ ሦስት ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ኮርስ ሲሆን ይብሳል። ሁለት ቀን መቅረት 6 ሰዓት ነው። ሦስተኛው ቀን ሲጨመር 9 ይሆናል፤ በ85 በመቶ ደንብ አበቃ። «ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረሁት!» ብሎ መስኮቴ ላይ ያለቀሰ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ዓይነት ኮርስ የያዘ ነበር።

አሁን ወደ ርኅራኄው። ካንቺ ጋር ከኮምቦልቻ የምትመላለስ፣ ለዚህ ስትል ግን 12 ሰዓት ላይ የምትወጣ ሌላ ልጅ አትጠፋም። መምህሩ ላንቺ ቢራራ እሷን ምን ይበላት? ስለዚህ «መንገዱ ነው» ብለሽ በደፈናው አትሂጂ፤ ያ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አይደለም። ያረፈድሽባቸውን ቀኖች፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ለምን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። ያው ኮርስ 4 ሰዓት ላይ የሚሰጥበት ሴክሽን ካለ ልቀየር ብለሽ ጠይቂ። ከኮምቦልቻ የምትመጡት አራት አምስት ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ባለ ሚኒባስ አናግራችሁ በወር ተስማሙ፤ እስኪሞላ መጠበቁ ያኔ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ልብ በዪ። ስም ሲጠራ ካልነበርሽ መምህሩ ቀሪ ብሎ ይዞሻል። አሥር ደቂቃ ዘግይተሽ ገብተሽ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ተምረሽ ብትወጪም ቀሪው ቀሪ ሆኖ ይቆያል፣ ካላስተካከልሽው በቀር። ክላስ ሲያልቅ መምህሩ ዝርዝሩን ቦርሳው ውስጥ ሳይከት ቀርበሽ «ዛሬ አርፍጄ ገብቻለሁ፣ ቀሪውን ወደ ማርፈድ ይቀይሩልኝ» በዪ። ሳይቃጠል በቅጠል። በሳምንቱ ብትመጪ ማንም አያስታውስሽም።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። የምማረው ግን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ነው። ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄጄ ሦስት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ሦስቱንም ቀን ቀሪ ሆኜ አገኘሁት፣ ኩዊዝም አምልጦኛል። ክርስቲያን ኮሌጅ ነኝ እያለ ለሃይማኖት የቀረሁትን እንዴት ይቀጣኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ከበረከቱ ተካፈልክ። ግን ግሸን መስከረም 21 ነው። አምናም 21 ነበር፣ ለከርሞም 21 ነው። ድንገት የሚደርስ ንግሥ አይደለም። መስቀል የሕዝብ በዓል ስለሆነ መስከረም 17 ኮሌጁ ራሱ ይዘጋል። ግሸን ግን በአገሪቱ ካሌንደር የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ ያለ ፈቃድ ከሄድክ ቀሪ ነህ፤ የሄድክበት ቦታ ቅዱስ መሆኑ መዝገቡን አይቀይረውም።

ስለ «መቀጣት» ግን አንድ ነገር ላስረዳህ። በብዙ ኮሌጆች የፈቃድ ቀሪና ያለ ፈቃድ ቀሪ የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸው ግን አንተ የምታስበው ቦታ ላይ ላይሆን ይችላል። ፈቃድ መያዝ ቀሪውን ላያጠፋው ይችላል፤ ከ7ቱ ሰዓት ሊቀነስብህም ይችላል። ፈቃዱ የሚሰጥህ ሌላ ነገር ነው፤ ያመለጠህን ኩዊዝ መፈተን፣ አሳይመንቱን ዘግይቶ ማስገባት። ያለ ፈቃድ ከቀረህ ሁለቱንም ታጣለህ፤ ሰዓቱንም፣ ኩዊዙንም። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ደግሞ ሦስቱን ቀን እንቁጠራቸው። አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ንግሡ። ሦስተኛው? አምባውን በእግሩ ወጥቶ፣ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግስቱ እግሩ እንደማይታዘዘው አውቃለሁ። ለመምህሩም ልክ እንደዚያ ንገረው። ሰው እኮ ነው፣ ይገባዋል። ያልገባው ሳትነግረው መጥፋትህ ነው። ለመጪው ዓመት ሴሚስተሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት የምትቀርባቸውን ቀኖች ጽፈህ ለዲኑ ስጥ። የሌላ ቤተ እምነት ኮሌጅ ስለሆነ አይሰጡኝም ብለህ አትጀምር። ቀድሞ የሚጠይቅ ኦርቶዶክስ ተማሪ ሲፈቀድለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለኩዊዙ ደግሞ ነገ ጠዋት ሂድና ለምን። ከዘገየ የመምህሩ ሆድም ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ቅኔ ዋድላ ተምሬ ነው ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅ የገባሁት። የኔታ አንድም ቀን ስም ጠርተው አያውቁም፣ ግን ማንም አይቀርም ነበር። እዚህ በየክፍለ ጊዜው ስም ይጠራል፣ ይፈረማል። አባቶቻችን ያለ አቴንዳንስ ሊቃውንት ሆነዋል። እኛ ለምን እንደ ሕፃን እንቆጠራለን?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ይኼ ደብዳቤ ደስ ብሎኛል። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት፤ ከዚያ መጥተህ በስም ጥሪ መሰልቸትህ አይገርምም። ግን እውነት የኔታ አይቆጥሩም ነበር? የቋጠርከውን ቅኔ እፊታቸው ቀርበህ በቃልህ ነው የምታሰማው። ጆሯቸው እያንዳንድህን ለይቶ ያውቃል። ያልመጣውን ሳይጠሩት ያውቁታል። የቀረ ደግሞ ራሱን ይጎዳል፤ ጓደኞቹ ሲያልፉ እሱ እዚያው ነው። ከዚህ የበለጠ ምን አቴንዳንስ አለ?

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ጊዜው አይታጠርም። አንዱ በሁለት ዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው ዓመታት ይፈጅበታል፤ ማንም «ሴሚስተሩ አልቋል፣ ውጣ» አይለውም። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው ዘንድ ለዓመታት ተቀምጠው ነው የተማሩት። ኮሌጅ ግን ጊዜውን አጥሮ ነው የሚጀምረው። 48 ሰዓት፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። አንድ መምህር ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ይዞ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ሳያውቅ ሴሚስተሩ ያልቅበታል። ፊርማው የመጣው ያንን ለመሙላት ነው። የኔታን አይተካም፣ ይኼን እኔም እስማማለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። ስልሳ ስም በድምፅ እየጠሩ ከሃምሳ ደቂቃ ክላስ አሥሩን መብላት ቂልነት ነው። ወረቀቱ በክፍሉ ይዙር፣ የክፍል ተጠሪው ይሰብስብ፣ መምህሩ በመጨረሻ ሰው ቆጥሮ ያመሳክር። ይኼን ለዲናችሁ አቅርቡ። አንተ ደግሞ ጠዋት ኪዳን የምታደርስ ከሆነና ለዚያ የምታረፍድ ከሆነ፣ ከአጥቢያህ አስተዳዳሪ ተረኛ የምትሆንበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ። መንፈሳዊ ኮሌጅ አገልግሎትን ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ እኔ ስቀር ይፈርምልኛል፣ እሱ ሲቀር እኔ እፈርምለታለሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ክላስ ላይም እንዲሁ። ይኼ ኃጢአት ነው ወይስ የዲሲፕሊን ጉዳይ?

መልስ፦ ሁለቱም። «ሐሰት አትናገር» የሚማሩበት ክላስ ላይ በሐሰት መፈረም ግን ዓይን ያወጣ ነገር ነው፣ አልሣቅሁም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ከተያዛችሁ ደግሞ የሚጠየቀው የቀረው ብቻ አይደለም፣ የፈረመውም ነው፤ ጉዳዩም ከአቴንዳንስ ወጥቶ ማጭበርበር ይባላል። በቀሪ የሚጠፋው አንድ ኮርስ ነው። በማጭበርበር ግን ከኮሌጅ እስከ መባረር ይኬዳል። ተውት።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊም ነን፣ ባቲ አካባቢ ነን። ወንድ ልጄ የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ነርሲንግ ይማራል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ መምህራኑም ደጎች ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ቻፕል የሚሉት የጸሎት ፕሮግራም አለ፤ ያልገባ ቀሪ ይባላል። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ የ7 ሰዓት ተኩሉ ክላስ ያልፈዋል። ምን እናድርግ? ልጁን ላስወጣው ወይ?

መልስ፦ አባታችን፣ ሰላም ለቤትዎ። ለማስወጣት አይቸኩሉ። ወሎ እኮ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ለሱብሒ ሌላው ለኪዳን የሚነሣበት አገር ነው፣ ይኼ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር መዝገብ ላይ መውጣቱ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል፣ ማንንም ሰው በኃይል ወይም በማስገደድ የፈለገውን እምነት እንዳይዝ ማድረግ እንደማይቻልም ይናገራል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። እነዚህን ጠቅሶ ከኮሌጁ ጋር መካሰስ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ አልጀምርም። ልጁ ሲመዘገብ የፈረመው የተማሪዎች መመሪያ አለ። ያንን ወረቀት ያስመጡት። ስለ ቻፕል ምን ይላል? «ሁሉም ተማሪ» ነው የሚለው ወይስ «የነገረ መለኮት ተማሪዎች»? «በሌላ ፕሮግራም ሊተካ ይችላል» የሚል መስመር አለው? ብዙ ወላጅ ይኼን ሳያነብ ነው የሚያስፈርመው። ኮሌጁም ጮክ ብሎ አያነብለትም።

ከዚያ እርስዎና ልጅዎ አብራችሁ ለተማሪዎች ዲን በጽሑፍ አመልክቱ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ያንሡ። አንደኛው፣ በቻፕሉ ሰዓት ልጁ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ያጥና፣ ወይም ስለ ሙያ ሥነ ምግባር በሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ይተካለት። ሁለተኛው፣ የዓርቡ ክላስ ግማሽ ሰዓት ይገፋ፣ ካልሆነ ልጁ ወደ ሌላ ሴክሽን ይዛወር። ደግና ቀና አድርገው ይጻፉት። ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ ያድርጉና አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን አስደርገው ቤት ያስቀምጡ። በአፍ የተባለ ነገር ዲኑ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የራሴን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ለቄስነት ወይም ለወንጌላዊነት የሚሠለጥን ተማሪ ቻፕል መግባቱ የሥራው ልምምድ ነው፤ ይቆጠርበት። የነርሲንግና የአካውንቲንግ ተማሪን ጸሎት በፊርማ መቁጠር ግን ለጸሎቱም ክብር አይደለም። ይኼ የእኔ የግል አመፅ እንዳይመስልዎት። ሃርቫርድ በ1636 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት አገልጋይ እንዲያፈራ ታስቦ ነበር፤ ለዘመናትም ተማሪውን ጸሎት ቤት በግዴታ ሲያስገባ ኖሮ በ1886 ግዴታውን አነሣ። ዬል እስከ 1926 ድረስ ቆየ። ሁለቱም ጸሎት ቤቱን አልዘጉትም፤ የፈለገ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ቻፕልን የሚቆጥሩ የክርስቲያን ኮሌጆችም አሉ፤ ተማሪው ግን ሲመዘገብ አውቆት ነው የሚገባው። ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው፤ አስቀድሞ ይነገረን።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ደሴ። ተማሪዎቼ የሚቀሩበት አንደኛ ምክንያት ለቅሶ ነው። አንዱ አጎቱ፣ አንዷ አክስቷ፣ ሌላው የጎረቤት ሰው። እምቢ ካልኩ ጨካኝ እባላለሁ፣ ያውም በክርስቲያን ኮሌጅ። እሺ ካልኩ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። የትኛውን ለቅሶ ልቁጠር?

መልስ፦ መምህር፣ ከባድ ነገር ነው የጠየቁኝ። በእኛ አገር ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ጎረቤት ይቀብራል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል። ያሳደገች ጎረቤት አክስት ናት፣ የደም ዝምድና ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም። ከኮሌጅ የመጣ ደንብ «አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት» ብሎ ሲዘረዝር ይኼን አያውቅም። ተማሪው ውሸታም ሆኖ ሳይሆን፣ ደንቡ ያልጻፋት አክስት ስላለችው ነው ከእርስዎ ጋር የሚጋጨው። እርግጥ ውሸታምም አለ። አንድ አጎቱን በሁለት ኮርስ በተለያየ ሳምንት የቀበረ ተማሪ ዝርዝር በእጄ አልፏል።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ለቅሶውን አይመዝኑ፣ ቀኑን ይመዝኑ። የቅርብ ቤተሰብ ከሆነ የተቋሙ ደንብ የሚሰጠውን ቀን ሙሉውን ይስጡ፣ በተለይ ቀብሩ ወልድያ ወይም ላስታ ከሆነ መንገዱንም ያስቡለት። የሰፈር ለቅሶ ከሆነ የቀብር ሰዓቱን ብቻ። ቀብር ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው፤ ጠዋት ክላስ ገብቶ 8 ሰዓት ላይ መሄድ ይቻላል። ሠልስትና ተዝካር በክላስ ቀን አይፈቀድም ብለው ቁርጡን ይናገሩ። ማስረጃ ከእድሩ ወይም ከአጥቢያው አንድ ማኅተም ያለው ወረቀት ይበቃል። ያዘነን ልጅ ግን በማግስቱ ወረቀት አምጣ አይበሉት፤ አንድ ሳምንት ይስጡት።

ይኼን ሁሉ ሴሚስተሩ ሲጀመር ኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፉት። ለሁሉም በአንድ ቀን ከተነገረ ጨካኝ የሚልዎት አይኖርም። ካለም አይስሙት። በነገራችን ላይ መምህር ሲቀርስ? አንዳንድ መምህር ለሠርግ ሄዶ ተማሪዎቹን በር ላይ ያስቆማቸዋል፣ ማካካሻውንም እሑድ ያደርገዋል። እርስዎን አላልኩም።

ጥያቄ፦ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤተሰቤ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሸሸን። ኮሌጁ ሲከፈት አልተመለስኩም፣ ሥራ ጀመርኩ። አሁን ልጨርስ ብዬ ብሄድ ግሬድ ሪፖርቴ ላይ አራት ኤፍ አለ። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) አልሞላሁም ነበር። የቀረሁት በጦርነት ነው፣ ይኼ እንዴት ኤፍ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አብረውሽ የነበሩ ብዙዎች ላይ የደረሰ ነው። ሲስተሙ አንቺ ለምን እንደቀረሽ አያውቅም። ተመዝግበሻል፣ አልተገኘሽም፣ ዊዝድሮዋል አልሞላሽም፤ ከዚያ ኤፉ ይመጣል። ግን ነገሩ አላለቀም። ለሬጅስትራር ብቻ ብታመለክቺ «መመሪያው አይፈቅድም» ይሉሻል፣ ምክንያቱም የሬጅስትራር ሠራተኛ ግሬድ የመቀየር ሥልጣን የለውም። ማመልከቻሽን ለአካዳሚክ ዲኑ ጻፊ፤ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ እንዲቀርብልሽ ጠይቂ። የምትጠይቂው ደግሞ «ኤፌን አንሡልኝ» ሳይሆን «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ስላቋረጥኩ ወደ ኋላ ተቆጥሮ በዊዝድሮዋል ይያዝልኝ፣ ሪአድሚሽንም (ተመልሶ መግባት) ይፈቀድልኝ» የሚል ይሁን። የመጀመሪያውን እምቢ ማለት ለኮሚሽኑ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ግን ቁጭ ብለው ሊያዩት ይገባል።

ያን ጊዜ ከደሴ መውጣትሽን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አያይዢ፤ ያረፋችሁበት ቀበሌ ወረቀት፣ ሥራ የጀመርሽበት ደብዳቤ። በዚያው ሴሚስተር የተቋረጡ ሌሎች ልጆች ካሉና ከተስተካከለላቸው እሱንም ጥቀሺ። ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉሽ ደግመሽ ሂጂ። ሲሳካልሽ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙልሽ ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት በጽሑፍ አስወስኚ።

ጥያቄ፦ (ይኼ ከሦስት ልጆች የመጣ ነው፤ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ) የፈቃድ ማመልከቻ እንዴት ነው የሚጻፈው? የሐኪም ወረቀትስ እስከ መቼ ይቀበላሉ?

መልስ፦ ልጆች፣ የሕክምና ወረቀት ባገኛችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ አስገቡ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ በክፍል ተጠሪው ላኩ። ፋይናል ሲቀርብ የሚመጣ የሁለት ወር ወረቀት ማኅተሙ ትክክል ቢሆንም ጥርጣሬ ያመጣል። ክሊኒኩ «ታክሟል» ብሎ ብቻ ከጻፈ ደግሞ አይጠቅማችሁም፤ ከስንት እስከ ስንት ቀን ዕረፍት እንደሚያስፈልጋችሁ ይጻፍበት።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። «ስሜ እገሌ፣ መታወቂያ ቁጥር ይኼ፣ ሁለተኛ ዓመት። ከኅዳር 20 እስከ 22 በአያቴ ቀብር ምክንያት ወልድያ ስለምሄድ የሚከተሉት ክላሶች ያመልጡኛል፦ ሰኞ 2 ሰዓት ግሪክ፣ ማክሰኞ 4 ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ። ማክሰኞ ያለው ኩዊዝ በሌላ ቀን እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» በቃ። ስለ አያታችሁ ደግነት አንድ ገጽ አትጻፉ። የኮርሱን ስምና ሰዓቱን የማይጽፍ ተማሪ ብዙ ነው፤ ዲኑ ደግሞ ተቀምጦ ፕሮግራማችሁን አይፈልግላችሁም፣ ማመልከቻው ከሌሎቹ ሥር ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ መምህር አንድ አንድ ኮፒ ስጡ፤ ዲኑ የፈቀደውን መምህሩ ካላወቀው ቀሪ አድርጎ ይይዛችኋል። ስልክ ቁጥራችሁንም ከታች አትርሱ።